ማንም የማያውቀው ዘፈናችሁ

አዲስ ሰው ስትተዋወቁ ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ «የማንን ዘፈን ነው የምትወደው?» የሚል ነው። መልሱ ደግሞ ሳይነገር ይታወቃል። ጥላሁን ገሠሠ፣ መሐሙድ አሕመድ፣ አስቴር አወቀ፤ መላሹ ወጣት ከሆነ ቴዲ አፍሮ። ይህን የመለሰ ሰው ስለ ራሱ ምን ነገረን? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ምንም። ጥላሁንን እወዳለሁ ማለት እኮ ውኃ እጠጣለሁ እንደ ማለት ነው። ጠያቂውም ራሱን ነቅንቆ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል።

እስቲ ጥያቄውን እንገልብጠው። ስልካችሁ ውስጥ ሌላ ሰው ያውቀዋል ብላችሁ የማትገምቱት፣ ሰው ባለበት የማትከፍቱት፣ ግን ስልክ በቀየራችሁ ቁጥር አብራችሁ ይዛችሁት የምትሻገሩት ዘፈን የትኛው ነው? እዚህ ላይ ሰው ዝም ይላል። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ «ኧረ እሱን ተወው» ብሎ ስልኩን ኪሱ ይከታል።

ይህን ጥያቄ ላለፉት ጥቂት ዓመታት ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስጠይቅ ከርሜያለሁ። በተለይ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ምሥራቅ ጎጃም፣ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ በሄድኩ ቁጥር። የደረስኩበት ነገር አጭር ነው፤ ሁሉም የሚያውቀው ዘፈን ከየት እንደመጣችሁና በየትኛው ዘመን እንዳደጋችሁ ይናገራል፤ ማን እንደሆናችሁ የሚናገረው ግን ማንም የማያውቀው ነው።

መጀመሪያ የፈረንጆቹን ጥናት እንይ፤ ነገሩን በቁም ነገር የያዙት አሉና። ፒተር ሬንትፍሮውና ሳሙኤል ጎስሊንግ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ሙዚቃ ምርጫና ጠባይ እንደሚያያዙ የሚያሳይ ጥናት አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ የማይተዋወቁ ተማሪዎችን በኢንተርኔት ለስድስት ሳምንት እንዲያወሩ አደረጉ። ወጣቶቹ እርስ በርስ ለመተዋወቅ ከሁሉም ርዕስ አብልጠው ያነሱት ሙዚቃን ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎ የአንድን ሰው ዐሥር ተወዳጅ ዘፈኖች ብቻ ለማያውቁት ሰዎች አሰምተው ጠባዩን እንዲገምቱ ጠየቁ። ገማቾቹ በተለይ አንድ ነገር ላይ ጎበዞች ነበሩ፤ ሰውየው ለአዲስ ሐሳብና ለአዲስ ነገር ምን ያህል ክፍት እንደሆነ ከዘፈኖቹ ለይተው አወቁ። እ.ኤ.አ. በ2022 በዴቪድ ግሪንበርግ መሪነት የወጣው ደግሞ ከ50 በላይ አገሮች የሚኖሩ ከ350 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ነው። ተጫዋችና ተግባቢ ሰው ሞቅ ወዳለው ዘመናዊ ሙዚቃ ያዘነብላል፤ ይህም ዝንባሌ ከአገር አገር ብዙ አይለያይም ይላል።

ጥሩ ነው። ግን እኔን አላጠገበኝም። ጥናቱ ሰውን በዓይነት ይመድባል፤ ዓይነት ደግሞ ሰው አይደለም። ሚሊዮን ሰው የሚወደው ዘፈን እኔን ከሚሊዮኑ ጋር ቢደምረኝ ምን ይገርማል? ዩቲዩብ ላይ ያለው «ይህንን ያዳመጡ ያንንም አዳምጠዋል» የሚለው አሠራርም ያው ነው። እኔን የሚያውቀኝ እኔን በሚመስሉ ሌሎች በኩል ነው። ማንም ሰው ያልጫነውን፣ ማንም ሰው ያልከፈተውን ዘፈን ሊመክረኝ አይችልም። እኔ ማወቅ የፈለግኩት ደግሞ እሱን ነው።

ጎጃም ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከቢቸና ብዙም ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩበት፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይም በስሙ የምናገኘው ያው ዲማ ነው። እንዲህ ባሉት ደብሮች የቅኔ ተማሪ ሕግ አንድ ነው፤ የተሰማ ቅኔ አይደገምም። ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ከትንሿ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ የየዕለቱን ከራሱ አውጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረምለታል። የሌላውን አምጥቶ የራሴ ነው ያለ ተማሪ ጉዱ ነው። ቅኔው በቤተ ክርስቲያን ከተሰማ በኋላም ያው አለፈ፤ ለነገ ሌላ ያስፈልጋል። አስቡት፤ እኛ «ሂት» የምንለው፣ ዘፈን ሺህ ጊዜ ሲደገም ነው። እነሱ ዘንድ የአንድ ቅኔ ክብር አንድ ጊዜ መነገሩና የአንድ ሰው መሆኑ ነው።

ይህ ልማድ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ብቻ አልቀረም፤ ከግቢው ወጥቶ አዝማሪው ዘንድ ደርሷል። ታላላቆቻችን የሚያውቁት፣ እኛ ግን ቪዲዮ ስንቀዳ የሚያመልጠን አንድ ነገር አለ። «ተቀበል!» የሚለው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ የራሱን ይላል፤ ያሞግሳል፣ ይነካካል፣ ያስቃል። ከታዳሚው አንዱ ደግሞ የልቡን መናገር ሲፈልግ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል። አዝማሪው የተሰጠውን ሁለት ቤት ይዞ በዜማ ያወጣዋል። ድምፁ የአዝማሪው፣ ቃሉ የሰውየው ነው። በዚህ መንገድ ድምፅ የሌለው፣ በሰው ፊት ቆሞ መናገር የማይችል ሰው ሁሉ ዘፋኝ ይሆናል። ነገር ያለው ሰው ነገሩን በሌላ ሰው አፍ ያስነግራል። ሰምና ወርቅ ስላለው ደግሞ የገባው ይገባዋል፤ ያልገባው ይስቃል።

አንድ ጥር ላይ ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ መንደር ለሠርግ ተጠርቼ ነበር። ዳሱ ሙሉ ነው። ጠላው አለ፣ አረቄው አለ። አዝማሪው መጀመሪያ የታወቁትን ሲያወርድ አገር ምድሩ አብሮ ዘፈነ። ወጣቶቹ ስልካቸውን አውጥተው ቀዱ፤ ከሃያ በላይ ስልክ ወደ ላይ ተነሥቶ ቆጥሬያለሁ። ከቢቸና ሰው መካከል ተቀምጣችሁ የበላይ ዘለቀ ስም ሳይነሣ ማደር የለም፤ ፉከራው መጣ፣ ቀረርቶው መጣ። በላይ በጣልያን ወረራ ጊዜ ያንን አገር ይዞ የተዋጋ፣ በኋላም በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰቀለ አርበኛ ነው። ስሙ ሲጠራ ሽማግሌውም ልጁም አንድ ሆኖ ይነሣል። እኔም ተነሥቻለሁ። ሆኖም በዚያ ሰዓት ከዳሱ ውስጥ አንዱን ከሌላው መለየት አትችሉም፤ ሁላችንም የአገሩ ልጅ ነን፣ በቃ።

ከዚያ ጭፈራው ረገብ ሲል አንድ አጎቴ «ተቀበል!» አለ። ይኸ አጎቴ ከሰው ይልቅ ከበሬዎቹ ጋር ያወራል የሚባል ሰው ነው። ሰላምታውን ከተናገረ የቀኑን ንግግር ጨረሰ ማለት ነው። የሰጠው ሁለት ቤት ስለ በሬ ነበር። አንዱን በሬ ሸጦት፣ ሌላኛው ብቻውን ከቀንበሩ ሥር ቀርቶ፣ ባዶውን ጎን እያየ አላርስም እንዳለው የሚናገር ነው። ሰዉ በሳቅ አለቀ። የተሸጠው በሬ በተራጋጭነቱ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋልና «እንኳን ሄደ!» ያለም ነበር። ያልሳቀችው ሚስቱ ብቻ ናት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ወጣች። ወርቁን የያዘችው እሷ ነበረች። የበኩር ልጃቸው በበረሃ በኩል ወደ ዐረብ አገር ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎት፣ ከደወለም ከርሞ ነበር። ለመንገዱ የተከፈለው ገንዘብ የተገኘው ደግሞ ከዚያ በሬ ነው።

አጎቴን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስለ ልጁ አንድ ቃል ሲተነፍስ ሰምቼው አላውቅም። ሁለት ቤት ግጥም፣ ያውም በሌላ ሰው ድምፅ፣ ስለ እሱ ሠላሳ ዓመት ያልሰማሁትን ነገረኝ። ያኔ ወደ ላይ የተነሣ ስልክ ደግሞ አንድም አልነበረም። የታወቀው ዘፈን ሲያልቅ ሁሉም ወደ ኪሱ ገብቶ ነበር። ጠዋት ቡና ላይ «ያ የማታው ግጥም እንዴት ነበር?» ብዬ ብጠይቀው «የማታ ነገር ከማታው ጋር ሄደ» ብሎ ወደ በሬዎቹ ወጣ። አዝማሪውም በጠዋቱ መኪና ተሳፍሯል።

እንዲህ ያለውን ከመንገድ ላይ የሚለቅሙ ምሁራን መኖራቸው ደግ ነው። ጌቴ ገላዬ የምሥራቅ ጎጃምን ገበሬዎች ቃል ግጥም በመሰብሰብና በማጥናት ይታወቃሉ። ደጀን ወረዳ የጥኖራ ላይ በደርግ ዘመን ስለነበረው የአምራቾች ኅብረት ሥራ ገበሬው የገጠመውን ይዘው እ.ኤ.አ. በ2000 መጽሐፍ አውጥተዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደውን የመሬት ሽግሽግ ገበሬው በግጥሙ እንዴት እንደተቀበለው ጽፈዋል። ያ ሽግሽግ ቀላል ነገር አልነበረም። መሬት ላልነበረው ሰጠ፤ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር አመራር የነበሩትን «ቢሮክራት»፣ ሌሎቹን ደግሞ «የፊውዳል ቅሪት» ብሎ ከፍሎ ከሌላው ያነሰ ይዞታ ወሰነባቸው። ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ያልተናገረ ገበሬ በደቦ ላይ፣ በሠርግ ላይ፣ ከበሬው ኋላ ተናገረ። ጥናቱ እነዚህን ግጥሞች ገበሬው ለመንግሥት የሰጠው መልስ አድርጎ ያነባቸዋል። ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእያንዳንዱ ግጥም ኋላ መሬቱ የተወሰደበት ወይም የተሰጠው አንድ ሰው፣ አንድ ጎረቤት፣ አንድ ድንበር አለ። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ከቢቸና መንገዱ በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ፣ ከሞጣ ደግሞ ባሕር ዳር ያወርዳል። ባሕር ዳር ላይ አንድ የካሴት ቤት ታሪክ አለ፤ ለዛሬ ጉዳያችን ጥሩ ምስክር ስለሆነ ሳልነግራችሁ አላልፍም።

ኃይሉ መርጊያን በዋልያስ ባንድ ታውቁት ይሆናል። ባንዱ አዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ሲጫወት የነበረ፣ በዘመኑ ስሙ የገነነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ አሜሪካን ሲዞር ኃይሉ እዚያው ቀረ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ስቱዲዮ ገብቶ ብቻውን አንድ ሥራ ሠራ። በወጣትነቱ የሚወደውን አኮርዲዮን ወስዶ ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አጋባው። የድሮ ዜማዎችን ለብቻው፣ ለራሱ በሚመስል መንገድ ተጫወታቸው። ከዚያ ዘመን አለፈ። ሰውየው ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ መንዳት ያዘ፤ ደላስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ እየጠበቀ መኪናው ውስጥ ትንሽ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ ያንን ካሴት አገኘው። ባለቤቱን ፈልጎ ደወለለት፤ «ሸሞንሟናዬ» እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ።

ይህን ታሪክ ሰው የሚያወራው «ታክሲ ነጂው ታወቀ» ብሎ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በሂልተኑ ዘመን ኃይሉ የባንድ አባል ነው፤ ታዳሚ የሚፈልገውን ይጫወታል። ያ ብቻውን የሠራው፣ ተረስቶ የቆየው ካሴት ግን እሱን ራሱን ይመስላል፤ አንድ ሰው ከአገሩ ርቆ፣ የልጅነት መሣሪያውን ታቅፎ። ሃያ ስምንት ዓመት ገደማ ማንም ሳይፈልገው መደርደሪያ ላይ መቀመጡ ይህን አልቀነሰበትም።

አሁን ወደ እኛ ስልክ እንምጣ።

ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም እንደተቋረጠ ቆየ። ቴሌግራም የለም፣ ዩቲዩብ የለም፣ ቲክቶክ የለም። እዚያ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። የዚያን ጊዜ ችግር ብዙ ነው፤ ዘፈን ከችግሮቹ የመጨረሻው ነው። ግን ሞጣ የሚማር አንድ የዘመዴ ልጅ በኋላ ያጫወተኝ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም።

በመጀመሪያው ወር፣ አለኝ፣ ሁላችንም በስልካችን ላይ የነበሩትን የታወቁ ዘፈኖች ደጋግመን ደጋግመን ሰለቹን። የሁሉም ስልክ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ነበርና መለዋወጥም አያስፈልግም። ከዚያ ዜንደር ከፍተው አንዱ የሌላውን ስልክ መፈተሽ ጀመሩ። የሚፈልጉት ሌላው የሌለውን ነው። ስልኩ ስማቸውን ስለማያውቅ «አንኖውን አርቲስት» የሚል ጽፎባቸው ከታች የሚከማቹ ፋይሎች አሉ አይደል? እነሱን። ከካሴት የተገለበጠ ስሙ የጠፋ ክራር ተጫዋች። በሰው ሠርግ ላይ የተቀዳ እስክስታ። የአንዱ አባት ከበሬ ኋላ ሲያንጎራጉሩ።

እና በዚህ መሐል ሦስት ዓመት አብሮት የተቀመጠውን ልጅ ያኔ አወቅኩት አለኝ። ልጁ በትምህርት ቤቱ ጠበኛ የሚባል ነው፤ ስልኩ ላይም እንደ እሱ ያለ ይደምጣል ተብሎ የሚገመተው ጩኸት ሞልቶበታል። ከታች ግን አንድ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ፋይል ነበረች። ትንሽ እኅቱ አፀደ ሕፃናት የተማረችውን መዝሙር ግማሹን እየረሳች ስትዘምር የተቀዳ። ልጅቷ ከእናታቸው ጋር አዲስ አበባ ናት፤ እሱ ከአያቱ ጋር ሞጣ ቀርቷል። «ይቺን ላክልኝ» ብለው ጠየቁት። ሌላውን ሁሉ ያለ ንፉግነት የሚሰጥ ልጅ እሷን አልሰጠም። ቆጣ ብሎ ስልኩን ነጠቃቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም በጠበኝነቱ አልቀለደበትም።

የፈረንጆቹ ጥናት ይህን ልጅ ከላይ ባለው ጩኸት ይመድበው ነበር። ጥፋቱ የጥናቱ አይደለም፤ ልጁን «የምትወደውን ዐሥር ዘፈን ንገረን» ብትሉት ያቺን አይጠቅሳትም። የሚጠቀሰው ዝርዝር ሰው እንዲያየን የምንፈልገው መልካችን ነው፤ የማይጠቀሰው ደግሞ ሌላ ነው።

ያቺን የመስጠትና ያለመስጠት ነገር ካነሣሁ፣ ያው ይኸው የዘመዴ ልጅ ራሱ የገባበትን ጣጣ ልንገራችሁ።

አክስቴ ከሞጣ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ነው የሚኖሩት። ልጁ የልጃቸው ልጅ ነው። እህሉን አሁን የሞተር ወፍጮ ይፈጨዋል፤ ብቅሉን ግን እስከ ዛሬ በድንጋይ ወፍጮ፣ በመጅ ነው የሚፈጩት። መጁን ሲገፉ ደግሞ ያንጎራጉራሉ። እንጉርጉሮው ከቤቱ ግድግዳ ውጭ ወጥቶ አያውቅም። ቃሉ ስለ ጎርፍ ነው። ወንዝ ዳር ያለች አንዲት ማሳ በሌሊት በመጣ ጎርፍ ጥጓን እንደተበላች፣ ባለቤቷም ጠዋት ከወዲያ ማዶ ቆማ እንዳየቻት ይናገራል። ጎርፍ የለም። በዚያች ማሳ ላይ ጎርፍ መጥቶ አያውቅም። የአክስቴ ባል በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበሩ፤ በ1989ኙ ሽግሽግ ያቺ የወንዝ ዳር ማሳ ለጎረቤት ደረሰች። የጎርፉ አመጣጥ ሲገለጽ የጎረቤቱ ስም ለሁለት ተከፍሎ ቃሉ ውስጥ ገብቷል፤ የቅኔ ጆሮ ያለው ያገኘዋል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች በጋብቻ ተሳስረዋል። አንድ የጽዋ ማኅበር ይጠጣሉ። በዓል ሲሆን አንዱ ያለ ሌላው አይቆርስም።

ልጁ ይህን እንጉርጉሮ በር ላይ ተቀምጦ ቀዳው። አራት ደቂቃ ከምናምን። ኢንተርኔቱ ሲመለስ የዓባይን ሸለቆ ቪዲዮ ከሥሩ አድርጎ ቲክቶክ ላይ ሊለቀው አሰበ። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ድምፃቸው ከመጁ ምት ጋር ሲወጣና ሲወርድ ሰው እንደሚሰማው፣ እንደሚያጋራው አልጠራጠርም። ደግነቱ ልጁ ቀድሞ ነገራቸው።

አክስቴ ነገሩን ሲረዱ እጃቸውን ከመጁ ላይ አነሡ። «ልጀ፣ እነሱ ይኸን ቢሰሙት በየት በኩል አያቸዋለሁ? ፋሲካን ከማን ጋር ልፈስክ ነው?»

ልጁ የጎረቤቱ ስም እንደማይታወቅ፣ ዛሬ ሰሙን እንጂ ወርቁን የሚፈታ እንደሌለ ሊያስረዳቸው ሞከረ። አክስቴ ሳቁበት። የጎረቤታቸው ልጅ ዲያቆን ነው።

ነገሩን ወደ እኔ አመጣው፤ ጋዜጣ ላይ ትጽፋለህና ፍረድ አለኝ። እኔ የፈረድኩት ለአክስቴ ነው። ዘፈኑ እሳቸውን የሚመስለው ለሰው ስላልተዘፈነ ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ በአንድ ማዕድ ሳይጣሉ የኖሩት፣ ቂሙን ለድንጋይ ስለነገሩት ሊሆን ይችላል። ይህን አውጥቶ አምስት መቶ ሺህ «ቪው» ማግኘት ዘፈኑን ያሳውቀው ይሆናል፤ ሴትዮዋን ግን ጎረቤት አልባ ያደርጋቸዋል። ቲክቶክ ላይ የወጣ ነገር ደግሞ አጥፉልኝ ቢሉት የሚጠፋ አይደለም፤ አንዱ ሲያጠፋው ዐሥሩ አውርዶታል።

ዝም ብሎ ይጥፋም አላልኩም። የአጎቴ ሁለት ቤት እንዴት እንደሄደ አይቻለሁ። የልጁ ስልክ ደግሞ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ባትሪው ያበጠ ቴክኖ ነው፤ አንድ ቀን መብራት ላይ እንደተሰካ ይሞታል። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ይኑር አልኩ። አንዱ ሚሞሪ ካርድ ላይ ሆኖ ደብረ ማርቆስ ያለችው ልጃቸው ዘንድ ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ፍላሽ ላይ። ኢንተርኔት ላይ አይውጣ፤ እሳቸውና ጎረቤታቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ። በኋላ ምን እንደሚደረግ ልጅ የልጅ ልጅ ይመክርበት። አንድ ወረቀት ላይ ደግሞ መቼ፣ የት፣ ማን እንደተናገረው ተጽፎ አብሮ ይታሰር፤ ያለዚያ ከሃያ ዓመት በኋላ እሱም «አንኖውን አርቲስት» ሆኖ ይቀራል።

አክስቴ በዚህ ተስማሙ። ተስማምተው ግን «እስቲ አሰማኝ፣ ምን ብዬ ነው የቀዳኸኝ?» አሉ። ራሳቸውን በድምፅ ሰምተው አያውቁም። ልጁ ስልኩን ወፍጮው ጠርዝ ላይ አስደግፎ ከፈተላቸው። እስከ መጨረሻው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ከዚያ ሦስተኛው ቤት ላይ ቃል ስቼአለሁ፣ ማሳዋን «ጥጓን» ሳይሆን «ጎኗን» ነው ማለት የነበረብኝ አሉና ብቅሉን ዳግመኛ ወፍጮው ላይ አፈሰሱ። እንደገና እንዲቀዳቸው ነገሩት። አሁን ፋይሉ ሁለት ነው፤ የፊተኛውን አጥፋው ብለውታል፣ እሱ ግን እስካሁን አላጠፋውም።